መብራት የማይጠፋበት ገንዳ

አንድ በእጁ ሥራ የሚኮራ አትክልተኛ ነበረ። አጥናፉ ይባላል። በአንዲት ሐይቅ ዳር ከተማ፣ በከተማዋ ትልቁ ሆቴል ግቢ ውስጥ ሃያ ዓመት ሠርቷል። ሆቴሉ ሲከፈት ግቢው ድንጋይና እሾህ ነበር፤ ዛሬ ሙሽሮች ፎቶ ለመነሣት ተራ የሚጠብቁበት ቦታ ሆኗል። ጽጌረዳውን የተከለው እሱ ነው። ግቢውን ሣር ያለበሰው እሱ ነው። በበሩ ግራና ቀኝ የቆሙትን ዘንባባዎች ገና ከክንድ ሳያልፉ ተሸክሞ ያመጣቸውም እሱ ነው። ይህን ደግሞ ማንም ሳይጠይቀው ይናገራል። «እኔ የተከልኩት ሞቶ አያውቅም» ሲል ድምፁ ትንሽ ከፍ ይላል። ጉረኛ ነው የሚሉት ነበሩ። እውነቱን የሚናገርን ሰው ግን ጉረኛ ማለት ደግ አይደለም።

ባለሆቴሉ አቶ መርሻም የሚኮራበት ነገር ነበረው። በዚያች ከተማ፣ በተለይ ክረምት ሲገባ፣ መብራት መጣ ሲሉት ይሄዳል፣ ሄደ ሲሉት ይመጣል። የአቶ መርሻ ሆቴል ግን ጨልሞ አያውቅም። ጓሮ ያለው ጄኔሬተር መብራቱ ከመጥፋቱ ጉርር ብሎ ይነሣል። ሰፈሩ ሻማ ሲፈልግ ሆቴሉ እንደ ሠርግ ቤት ደምቆ ይታያል። ሰዉም «መብራት የማይጠፋበት ቤት» ብሎ ስም አውጥቶለት ነበርና አቶ መርሻ ይህን ስም ሲሰማ ፊቱ ይፈካል።

ሆቴሉ ሃያኛ ዓመቱን ሊያከብር አራት ወር ሲቀረው ባለሆቴሉ ከውጭ አገር አንድ ትልቅ የመስታወት ገንዳ አስመጣ። የተማሩት አኳሪየም ይሉታል። ርዝመቱ አልጋ ያክላል። ከታች አሸዋና ድንጋይ ተነጥፎበታል፤ አሸዋው ላይ ውኃ ውስጥ የሚበቅሉ ልዩ ልዩ ተክሎች ተተክለዋል፤ በተክሎቹ መካከል ጣት የማያክሉ ባለ ቀለም ዓሣዎች ይዋኛሉ። ገንዳው የተቀመጠው መግቢያው አዳራሽ ውስጥ፣ ፀሐይ ከማይደርስበት ከደረጃው ሥር ስለሆነ ከላዩ ረጅም መብራት ተገጠመለት።

«ተክል ስለሆነ ያንተ ነው፣ ጋሽ አጥናፉ» አለው ባለሆቴሉ። «የበዓሉ ቀን እንግዳ ሁሉ ሲገባ መጀመሪያ የሚያየው ይህን ነው።»

«ለዚህ አያስቡ፣ በኔ ይሁንብዎ።»

«አንድ ነገር ብቻ አደራ። መብራቱ ለአፍታ እንዳይጠፋ። በኔ ቤት የጠፋ መብራት ማየት አልፈልግም።»

«መብራትማ የተክል ምግቡ አይደል!» አለ አጥናፉ እየሳቀ። በዚህ ጉዳይ ሁለቱ ኩሩ ሰዎች ወዲያው ተስማሙ።

ከመብራቱ ጋር ታይመር የሚሉት ትንሽ ዕቃ መጥቶ ነበር። ሰዓት ሲሞላ ራሱ የሚያበራ፣ ሰዓት ሲሞላ ራሱ የሚያጠፋ ነው። አጥናፉ አገላብጦ አየውና ወደ ካርቶኑ መለሰው። የማይጠፋ መብራት ማጥፊያ ምን ያደርግለታል?

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ያማሩ ነበሩ። ሰው ሻንጣውን መሬት አስቀምጦ ገንዳው ፊት ይቆማል፤ አጥናፉም የጽጌረዳ መቀሱን በኪሱ እንደያዘ ዘወር ዘወር ይላል። በሦስተኛው ሳምንት ቅጠሎቹ ጫፍ ላይ አረንጓዴ ልጋግ ታየ። መስታወቱን አለበሰው፤ ድንጋዩን አለበሰው፤ ተክሎቹም ከሥራቸው እየገረጡ ሄዱ። አንድ አትክልተኛ የገረጣ ተክል ሲያይ ምን ያደርጋል? ወደ ፀሐይ ያወጣዋል። አጥናፉም ሁለተኛ መብራት አስጨመረ።

ከዚያ በኋላማ አይነሣ። ውኃው የጎመን ቅቅል መሰለ። ዓሣዎቹ ከድንጋዩ ሥር ገብተው አልወጣ አሉ። አንድ ቀን ጠዋት ሁለቱ ሞተው ተገኙ። አጥናፉ በጋዜጣ ጠቅልሎ አወጣቸውና ሰው ሳያየው ከአትክልቱ ጥግ ቀበራቸው። ከዚያን ቀን ጀምሮ «እኔ የተከልኩት ሞቶ አያውቅም» ማለቱን ተወ። እንቅልፉም አብሮት ሸሸ። በሃያ ዓመት ያበቀለው ሁሉ በአንድ መስታወት ተሸፍኖ የጠፋ መሰለው።

ለበዓሉ ስድስት ሳምንት ሲቀር ባለሆቴሉ ጠራው።

«ሳንጨቃጨቅ እንጨርሰው፣ ጋሽ አጥናፉ። አዲስ አበባ የፕላስቲክ ተክል ይሸጣል። ከእውነተኛው አይለይም። ይህን ጠርገን እሱን እንሰካለን። ማን ያውቃል?»

«እኔ አውቃለሁ» አለ አጥናፉ።

«አንተማ ታውቃለህ፤ እንግዶቹ አያውቁም ነው የምልህ።»

«አቶ መርሻ፣ በዚህ ግቢ ሃያ ዓመት ስተክል ውሸት ተክዬ አላውቅም። በስተርጅና አልጀምርም።»

ባለሆቴሉ ተቆጣ። «እንግዲያው ለበዓሉ ይጥራልኛ!»

«ካልጠራ በዋዜማው መቀሴን አስረክቤ ከግቢው እወጣለሁ።»

ቃሉ ከአፉ ካመለጠው በኋላ ደነገጠ። ዕድሜው ስድሳን አልፏል፤ ከዚህ ግቢ ወጥቶ የሚሄድበት ሌላ ግቢ የለውም። ቢሆንም ቃሉን ለመመለስ አልፈለገም። እንዲህ ያለ ሰው ነው።

መከራ ሲመጣ ብቻውን አይመጣምና በዚያው ሳምንት ጄኔሬተሩ ተሰበረ። የሚለወጠው ዕቃ ከአዲስ አበባ እስኪደርስ ዘጠኝ ቀን ፈጀ። በእነዚያ ዘጠኝ ቀናት የከተማው መብራት ጠዋት ጥቂት ሰዓት፣ አመሻሽ ላይ ጥቂት ሰዓት እየመጣ ይሄዳል፤ በቀረው ጊዜ ገንዳው ጨለማ ነው። ባለሆቴሉ ስልክ ላይ ሲጮህ ዋለ። አጥናፉ ደግሞ «አሁንስ አለቀልኝ» ብሎ ወደ አዳራሹ መግባቱን ተወ። ተክሎቹና ዓሣዎቹ ሲሞቱ ላለማየት ሲል ሙሉ ቀን አጥሩ ሥር አረም ሲነቅል ይውላል።

ጄኔሬተሩ ተጠግኖ መብራቱ እንደ ልማዱ ሌት ተቀን ይበራ በጀመረ በሦስተኛው ቀን፣ አንዲት የጽዳት ሠራተኛ ባልዲዋን ይዛ ወደ አጥናፉ መጣች። በዚያ ሆቴል ስድስት ዓመት ሠርታለች። የገንዳውን መስታወት በውጭም፣ እጀታው ረጅም በሆነ ስፖንጅ በውስጥም የምታጸዳው እሷ ናት።

«ጋሼ፣ አንድ ነገር ልንገርዎ ብዬ ነበር።»

«ምንድን ነው?» አላት ቀና ሳይል።

«ጄኔሬተሩ የተበላሸ ሰሞን መስታወቱ አላስቸገረኝም። ሌላ ጊዜ በቀን ሦስቴ ነው የምፈገፍገው። ያን ሰሞን መጀመሪያ ሁለቴ ሆነ፤ ከዚያ አንዴ፤ በኋላማ በሁለት ቀን አንዴ ብቻ። ዓሣዎቹም ወጥተው ሲጫወቱ ነበር። ከትናንት ወዲያ መብራቱ ሲመለስ ያው ልጋግ ተመለሰ።»

«እና?»

«እናማ… መብራቱ በዝቶበት ይሆን ወይ ብዬ ነው።»

አጥናፉ ደሙ ፈላ። ሆድ የባሰው ሰው ነውና ቃሉን አልመረጠም። «አንቺ መስታወትሽን ጥረጊ! ተክል የማውቀው እኔ ነኝ። ብርሃን በዝቶበት የሞተ ተክል በዕድሜዬ አላየሁም።»

ሴትዮዋ አልጮኸችም፤ አላለቀሰችምም። ባልዲዋን ከመሬት አነሣችና ቀጥ ብላ ቆመች። «ልክ ነው፣ ተክሉን እርስዎ ያውቃሉ። መስታወቱን ግን የማውቀው እኔ ነኝ» አለችውና ሄደች።

አጥናፉ ቃሏን ከጆሮው ማውጣት አቃተው። ያናደደው ድፍረቷ አልነበረም። እሱ ስለ ጽጌረዳው ሲናገር የሚይዘውን ድምፅ ይዛ መናገሯ ነው። በሥራው የሚኮራ ሰው፣ በሥራው የሚኮራ ሌላ ሰው ሲገጥመው ያውቀዋል። ጥቂት ቆይቶ አረሙን ጣለና እጁን ታጥቦ ወደ አዳራሹ ገባ። ከዘጠኝ ቀን በላይ ሸሽቶት የነበረው ገንዳ ፊት ቁጢጥ አለ።

መጀመሪያ ያየው ያንኑ ልጋግ ነው። ቀጥሎ ግን ዓይኑ ከአንዱ ግንድ ጫፍ ላይ አረፈ። ሦስት ቅጠሎች ነበሩ፤ አዲስ፣ ለምለም፣ ምንም ያልነካቸው። ሌላው ግንድ ላይም ሁለት አየ። አትክልተኛ ነውና ቅጠል አይቶ ዕድሜውን መገመት ያውቅበታል። ከሥር ያሉት የተበላሹት ቅጠሎች መብራቱ ሌት ተቀን ሲበራ የነበሩ ናቸው። እነዚህ ግን የበቀሉት ሁሉም ሰው ሞቱ ባለበት፣ በዚያ በጨለማው ሰሞን ነው። ተክሉ ራሱ ለሴትዮዋ መሰከረላት።

ያን ጊዜ አጥናፉ አንድ ነገር ገባው፤ ሲገባውም አፈረ። ጽጌረዳዎቹን ሃያ ዓመት ሙሉ በየዕለቱ ያሳረፈለት ማን ነበር? ፀሐይዋ በሰዓቷ ትጠልቃለች፤ ደመና ይመጣል፤ ዛፍ ያጠላል። ግማሹን ሥራ ጨለማ ሲሠራለት ኖሮ እሱ አንድም ቀን አላመሰገነውም። ስለ ብርሃን ብቻ ሲያወራ ነው የኖረው። እዚህ መስታወት ውስጥ ግን የሚጠልቅ ፀሐይ የለም፤ አጥፊው እሱ ራሱ መሆን ነበረበት።

ሴትዮዋን ጓሮ ጨርቅ ስታሰጣ አገኛት።

«ይቅርታ አድርጊልኝ» አላት። «ክፉ ቃል ተናገርኩሽ። ማን ነበር ስምሽ?»

«ትርንጎ።»

ስድስት ዓመት አንድ ግቢ ውለው ስሟን ገና መጠየቁ ነበር። «ትርንጎ፣ እስቲ ነይ፤ ያን ሰሞን መብራቱ መቼ መጥቶ መቼ እንደሚሄድ ንገሪኝ።»

ካርቶኑ ውስጥ የተጣለው ታይመር ወጣ። ሁለተኛው መብራት ወረደ። አዳራሹ ወለል ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው በታይመሩ ዙሪያ የተደረደሩትን ትንንሽ ጥርሶች አንድ በአንድ ይጫኑ ጀመር። የተጫነው ጥርስ መብራት ነው፤ ያልተጫነው ዕረፍት ነው። እሷ የምታስታውሰውን ተናገረች፤ እሱ ተክሉን እያየ መዘነ። ጠዋት ከሦስት ሰዓት እስከ ስድስት ሰዓት ይብራ፤ ከዚያ ይረፍ። ከሰዓት ከአሥር ሰዓት እስከ ምሽቱ አንድ ሰዓት ይብራ፤ ከዚያ እስከ ንጋት ይተኛ። በቀን ስድስት ሰዓት መሆኑ ነው። ተክሉ እየበረታ ሲሄድ ጥቂት ጥቂት ይጨመርለታል። በዛ ወይም አነሰ የሚለውን የሚፈርደው የትርንጎ ስፖንጅ እንዲሆን ተስማሙ።

አሁን የቀረው ከሁሉም የከበደው ነው። አጥናፉ ተደብቆ ማጥፋት አልፈለገም። ባርኔጣውን አውልቆ ባለሆቴሉ ቢሮ ገባ።

«አቶ መርሻ፣ አጥፍቻለሁ። ተክሉን የጎዳሁት እኔ ነኝ፤ ብርሃን አብዝቼበት ነው። ማረፍ አለበት።»

«መብራቱን ላጥፋ ነው የምትለኝ? በኔ ቤት? የጠፋ ሲያይ ሰው ምን ይለኛል?»

«የሰጠሁዎት ቃል እንዳለ ነው። ካልጠራ እወጣለሁ። እስከ ዋዜማው ድረስ ሰዓቱን ለኔ ይተዉልኝ።»

ባለሆቴሉ ከእግር እስከ ራሱ አየው። ተሳስቻለሁ ብሎ ደረቱን ነፍቶ የሚገባ ሰው ከዚያ በፊት አልገጠመውም። ሳይወድ በግዱ «ይሁን» አለ።

አስተናጋጆቹ መሳቂያ አገኙ። «ጋሽ አጥናፉ ለዓሣ ፈረቃ አወጣለት! እኛስ መቼ ነው የምናርፈው?» ይላሉ። አጥናፉ ሥራውን ቀጠለ። በልጋግ የታፈኑትን ቅጠሎች በመቀሱ እየቆረጠ ያወጣል፤ ትርንጎ ትፈገፍጋለች፤ በየሳምንቱ የውኃውን እኩሌታ ይለውጣሉ። የመጀመሪያው ሳምንት ለውጥ የለውም። በሁለተኛው ትርንጎ «ዛሬ አንዴ ብቻ» አለችው። በሦስተኛው ከገንዳው ኋላ ያለው ግድግዳ በውኃው ውስጥ አልፎ ታየ። አንድ አንድ ጥርስ እየጨመሩ ሄደው ጠዋት ከሦስት እስከ ሰባት፣ ከሰዓት ከአሥር እስከ ምሽቱ ሁለት አደረሱት።

በበዓሉ ዋዜማ ባለሆቴሉ ገንዳው ፊት መጥቶ ቆመ። ውኃው የሌለ እስኪመስል ጠርቷል። ተክሎቹ እስከ ገንዳው አፍ ደርሰዋል፤ ዓሣዎቹ በመካከላቸው ይሽሎከለካሉ። አጥናፉ መቀሱን በሁለት እጁ ይዞ ከጎኑ ይጠብቃል። ባለሆቴሉ ጎንበስ ብሎ አየውና «መቀስህን ኪስህ ክተት» ብሎት ሄደ። አጥናፉ የዚያን ዕለት በዘንባባዎቹ መካከል ሲያልፍ አንገቱ እንደ ድሮው ቀና ብሎ ነበር።

በማግስቱ እንግዶች ለስድስት ሰዓት ተጠርተው ነበር። እንደ ወጉ አርፍደው ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ መጡ። ከፊት የክብር እንግዳዋ አሉ፤ የከተማዋ የመጀመሪያ ሐኪም የነበሩ፣ አሁን ያረጁ፣ በምርኩዝ የሚሄዱ ሴት ናቸው። ሰዉ ግር ብሎ አዳራሹ ሲገባ ገንዳው ዕረፍቱ ላይ ነው፤ ጨልሟል።

«እነሱም ቤት መብራት ይጠፋል ለካ!» አለ አንዱ ከኋላ። ሳቅ ሆነ።

ባለሆቴሉ ፊቱ ቀላ። «አብራው» አለ በጥርሱ መካከል ለአጥናፉ። አጥናፉ እጁን ወደ ማብሪያው ሰደደ። አንድ ቀን ያለ ሰዓቱ ቢበራ ተክሉ እንደማይሞት ያውቃል፤ የጌታውንም ኀፍረት አይቷል፤ ሊያበራው ነበር። ሆኖም አሮጊቷ ሐኪም ወደ መስታወቱ ጠጋ ብለው «ለምንድን ነው የጠፋው?» ብለው ጠየቁ።

«አልጠፋም፣ እመቤቴ» አለ አጥናፉ፤ እጁን ሰበሰበ። «ያጠፋነው እኛ ነን። ማረፊያ ሰዓቱ ነው። አሥር ሰዓት ላይ ይበራል።»

«ለዕፅዋት የዕረፍት ሰዓት! እንዲህ ያለውን ሰዓት ያወጣው ማን ነው?»

 ባለሆቴሉም አስተናጋጆቹም አጥናፉን ያያሉ። «እኔ ነኝ» ቢል ማንም አያስተባብለውም፤ ሃያ ዓመት ያገኘውን ስም ሁሉ በአንድ ቃል ያስመልሳል። ቃሉ አፉ ላይ ደርሶ ነበር።

«እኔማ ልገድለው ነበር» አለ አጥናፉ፣ ሁሉም እንዲሰማ ድምፁን ከፍ አድርጎ። «ሌት ተቀን አብርቼበት፣ ሲገረጣ ጨምሬበት፣ ሁለት ዓሣ ቀብሬ። ነግራኝም ሰድቤያታለሁ። ያዳነችው ያቺ ናት፤ ትርንጎ ትባላለች።»

ሁሉም ዞር ሲል ትርንጎ ከደረጃው አጠገብ ሽርጧን እንደታጠቀች ቆማለች። አሮጊቷ ምርኩዛቸውን እየተደገፉ ሄደው እጇን ያዙ። «እንዴት አወቅሽ፣ ልጄ?»

«እጄ ነው የነገረኝ፣ እማማ። አንዳንዴ ሲያስቸግረኝ፣ አንዳንዴ ሳያስቸግረኝ… ለምን ይሆን ብዬ ነው።»

«እኔም በአርባ ዓመት የሕክምና ሥራዬ ከዚህ የበለጠ ጥያቄ አልጠየቅሁም» አሉ ሐኪሟ። ወደ ባለሆቴሉም ዞረው «አሥር ሰዓት ድረስ ምሳችንን እንብላ፤ ከዚያ እናየዋለን። በሰዓቱ ነው ማየት የምፈልገው» አሉት።

ማንም ሳይቀር ጠበቀ። አሥር ሰዓት ሲሞላ ታይመሩ ቀጭ አለ። የሦስት መቶ ሰው አዳራሽ ውስጥ ይህች ቀጭታ ተሰማች ቢባል ማን ያምናል? ተሰማች። ገንዳው ከነተክሉ፣ ከነዓሣው በራ። ሰዉ አጨበጨበ። ባለሆቴሉ ከሁሉም በላይ እያጨበጨበ፣ በኩራት እንባ ባቀረረ ዓይኑ አንዴ ትርንጎን አንዴ አጥናፉን ያይ ነበር።

እንግዶቹ ሲበተኑ ባለሆቴሉ አጥናፉን ለብቻው ሳበው። «እኔ ባንተ ቦታ ብሆን ‹እኔ ነኝ› እል ነበር» አለው።

«እኔም ልል ነበር። አፌ ላይ ደርሶ ነው የተመለሰው።»

«ምን መለሰው?»

«ሃያ ዓመት በራሴ ሥራ ስኮራ ኖርኩ። የሷን ጨምሬ ብኮራ፣ የራሴንም ሳየው የተሰረቀ ይመስለኛል።»

የዚህ ታሪክ ትምህርት ሁለት ነው፤ ነገር ግን ሥራቸው አንድ ነው። ብርሃን ደግ ነገር ነው፤ ልክ ሲያጣ ግን እሱም ይገድላል። ልጅን ያለ ዕረፍት ማስጠናት፣ ሠራተኛን ያለ ፋታ ማሠራት፣ ራስን ሁልጊዜ ለሰው ዓይን ማብራት፣ ሁሉም መብራቱ የማይጠፋ ገንዳ ነው። ኩራትም እንዲሁ ነው። ሰው በሥራው መኩራቱ ነውር የለውም፤ እንዲያውም አጥናፉን ፕላስቲክ ከመሰካት ያዳነው ኩራቱ ነው። የሌላውን ሥራ እስኪጋርድ ድረስ ሲበራ ግን ሊጠፋ የሚገባው ሰዓት ደርሷል ማለት ነው። እንዲህ ያለውን መብራት በራሱ እጅ፣ በሰው ፊት የሚያጠፋ ሰው እሱ በእውነት ኩሩ ነው።

እርስዎስ፣ ዛሬ በሚያኮራዎት ሥራ ውስጥ የማን እጅ አለበት? ስሙን ያውቁታል? ሰው በተሰበሰበበትስ ጠርተውት ያውቃሉ?